ከቦይለር ግሬት ሥር አየርን እኩል ማዳረስ፦ ለባጋስ ምድጃ

የባጋስ (ጭማቂው የወጣለት የሸንኮራ አገዳ ገለባ) ቦይለር አንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ እየነደደ ሌላው ጎኑ ሲጨስ፣ የብዙ ኦፕሬተር እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዋናው ፋን ዳምፐር (አየሩን የሚቆጥበው መዝጊያ) ነው። ዳምፐሩ ሲከፈት የሚጨመረው አየር ግን እሳቱ ወደታፈነበት ቦታ አይሄድም። እንደ መስኖ ውሃ መንገዱ ወደቀለለበት ይፈስሳል፤ ማለትም ቀድሞም ብዙ አየር ወደሚያገኘው ባዶ የግሬት (ባጋሱ የሚነድበት ባለቀዳዳ የብረት ወለል) ቦታ። ባዶው ቦታ ይበልጥ ይራቆታል፣ ክምሩ ክምር እንደሆነ ይቀራል፣ በጭስ መውጫው ላይ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ያልተቃጠለ ገለባም ከጋዙ ጋር ተያይዞ ይወጣል።

አየርን እኩል የሚያከፋፍለው ግሬቱ ራሱ ነው። ቀዳዳዎቹ ለአየሩ የሚሰጡት ተቃውሞ ከሥራቸው ባለው የአየር ሳጥን ውስጥ ካለው የግፊት መዛባት ብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ አየሩ በሁሉም ቀዳዳ በተቀራራቢ መጠን ይወጣል። ካልበለጠ የትኛውም የዳምፐር ማስተካከያ አያድነውም። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት ስሌቱ ይቀድማል።

ስሌቱ፣ በቁጥር

በሰዓት 30 ቶን እንፋሎት የሚያመርት፣ 12 ካሬ ሜትር ግሬት ያለው ምድጃ እንውሰድ፤ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር። ቦታው በወንጂ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,540 ሜትር አካባቢ ነው እንበል። አንድ ኪሎ ባጋስ 2.1 ኪሎ ያህል እንፋሎት ያወጣል ብንል፣ በሰዓት 14.3 ቶን ባጋስ ይነዳል። እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አንድ ኪሎ ባጋስ በትክክል ለመቃጠል 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል፤ 30 በመቶ ትርፍ አየር ሲጨመር 3.6 ይሆናል። በጠቅላላው በሴኮንድ 14.3 ኪሎ ግራም አየር ማለት ነው። ከዚህ 65 በመቶው ከግሬት ሥር፣ ቀሪው ከእሳቱ በላይ ይግባ። ከሥር የሚገባው እንግዲህ በሴኮንድ 9.3 ኪሎ ግራም ነው።

እዚህ ላይ ከፍታው ይመጣል። በ1,540 ሜትር የአየር ግፊት 84 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 0.62 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በባሕር ወለል ላይ 0.75 ይመዝን ነበር። 9.3 ኪሎ ግራሙ በወንጂ 15 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ሲሆን፣ በባሕር ወለል ግን 12.5 ይሆን ነበር። ለባሕር ዳርቻ ፋብሪካ የተሠራ ፋን በዚህ ከፍታ ላይ ሲተከል በክብደት የሚያቀርበው አየርም፣ የሚያነሳው ግፊትም ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። ፋን ሲገዛ ይህን በጽሑፍ ለአምራቹ አለማስታወቅ ውድ ስህተት ነው።

በሙሉ ጭነት በግሬቱ ላይ የሚፈለገውን የግፊት ልዩነት 500 ፓስካል፣ ማለትም 51 ሚሊ ሜትር ውሃ እናድርገው። በዚህ ልዩነት አየሩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በሴኮንድ 40 ሜትር ያህል ይወጣል። በቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚጠበበውን በ0.7 ማባዣ ቆጥረን የምናገኘው የቀዳዳ ስፋት ድምር 0.53 ካሬ ሜትር ነው፤ ከግሬቱ ስፋት 4.4 በመቶ። 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች በየ25 ሚሊ ሜትሩ በአራቱም አቅጣጫ ሲደረደሩ በካሬ ሜትር 1,600 ቀዳዳ ይሆናሉ፣ ስሌቱም ይገጥማል። የግሬት ባር ሲታዘዝ ቀዳዳው ከላይ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደታች እየሰፋ የሚሄድ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን የገባው አሸዋ ወድቆ ያልፋል እንጂ መሐል ላይ አይሰነቀርም።

አሁን ይህን 500 ፓስካል የአየር ሳጥኑ ውስጥ ካለው የፍጥነት ግፊት (አየሩ በመንቀሳቀሱ ከሚይዘው ግፊት) ጋር ያነጻጽሩ። ሳጥኑ በአራት ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ በራሱ ቱቦ ቢመገብና የቱቦው አፍ 0.3 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አየሩ በሴኮንድ 12.5 ሜትር ይገባል፤ የፍጥነት ግፊቱ 48 ፓስካል ነው። ግሬቱ ከዚያ አሥር እጥፍ ይቃወማል። በጣም በከፋው ሁኔታ እንኳ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል የሚኖረው የአየር ልዩነት 5 በመቶ ገደማ ነው። ቱቦው በግማሽ ቢጠብ ፍጥነቱ 25 ሜትር፣ ግፊቱ 193 ፓስካል ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ 18 በመቶ ይዘላል። እኛ የምንመክረው አሥር እጥፍን ነው። ከአምስት እጥፍ በታች የሆነ ምድጃ ቱቦው ይለወጥ እንጂ ዳምፐሩ እየተጠመዘዘ አይድከም።

ሩቁ ጫፍ ለምን ይበልጥ ይነፍሳል

ብዙ ሰው ከአየር መግቢያው አጠገብ ያለው የግሬት ረድፍ ብዙ አየር ያገኛል ብሎ ያስባል። በተግባር ተቃራኒው ይታያል። አየሩ ወደ ሳጥኑ በፍጥነት ሲገባ መግቢያው አካባቢ ያለው ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ወደ ሩቁ ግድግዳ ሲጠጋ ፍጥነቱ ይቀንስና ወደ ግፊት ይለወጣል። ስለዚህ ሩቁ ጫፍ ይነፍሳል፣ መግቢያው አጠገብ ያሉት ባሮች ይራባሉ፤ ባሮችን የሚያቀዘቅዛቸው አየሩ ስለሆነም ቶሎ የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። የተቃጠሉ ባሮች ቦታቸው ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ከሆነ ችግሩ የብረቱ ጥራት አይደለም፤ አየሩ እዚያ አይደርስም ማለት ነው።

የሚሠራው መፍትሔ ከመግቢያው አፍ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የሚቆም ባለቀዳዳ የብረት ሳህን ነው። የቀዳዳው ድርሻ 45 በመቶ ያህል፣ የሳህኑ ስፋት ደግሞ ቢያንስ የቱቦው አፍ እጥፍ ይሁን። በዚህ ልክ የሚበላው ግፊት ከ60 እስከ 80 ፓስካል ስለሆነ ፋኑ ያንን መሸከሙን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሳህኑን ልክ በቱቦው አፍ ላይ መበየድ ግን አይገባም፤ ፍጥነቱ እዚያ ከፍተኛ ስለሆነ ከ250 ፓስካል በላይ ይበላል። ከሥሩ አመድ እንዳይከማች ከወለሉ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር፣ በብሎን እንጂ በብየዳ አይያዝ፤ ለጽዳት መውጣት አለበትና።

የየክፍሉ ዳምፐር ባለ ብዙ ምላስና ምላሶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ቢሆን ይመረጣል። ባለ አንድ ምላስ ዳምፐር በግማሽ ሲከፈት አየሩን ወደ አንድ ግድግዳ ይገፋዋል፣ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይጣመማል።

ክፍተቶች

የቀዳዳዎቹ ድምር 0.53 ካሬ ሜትር መሆኑን አስታውሰው ይህን ይመልከቱ። 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት የግሬት ሳህን ብትወድቅ የሚከፈተው 0.06 ካሬ ሜትር ነው፤ ከጠቅላላው ቀዳዳ 11 በመቶ። በሁለቱም ጎን ግድግዳዎች 3 ሜትር ርዝመት ያለው የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ድምሩ ያው 0.06 ካሬ ሜትር ነው። የወደቀችውን ሳህን ሁሉም ያያታል። የግድግዳውን ክፍተት ግን ማንም አይለካውም፣ ጉዳቱም እኩል ነው።

ክፍተቱን በብየዳ ወይም በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። 4 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ግሬት በ200 ዲግሪ ሲሞቅ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። መሄጃ ካጣ ባሮቹ ይነሣሉ ወይም ግድግዳውን ይገፋሉ። ትክክለኛው በቀዝቃዛ ጊዜ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ትቶ፣ ከላዩ በአንድ ጎን ብቻ የታሰረ ተደራራቢ የብረት መሸፈኛ ማድረግ ነው። በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ምድጃው ቢሞቅም ግማሹ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በአራቱ ክፍሎች መካከል ያሉት ግድግዳዎችም ይታዩ። አንዱ ክፍል ለአመድ ሲዘጋ አየር ከጎረቤቱ የሚሾልክበት ከሆነ ክፍፍሉ ስም ብቻ ነው። የሴራሚክ ገመድ ያረጀበት የፍተሻ በር፣ የማይገጥም የአመድ መዝጊያ፣ የተቀደደ የቱቦ ማያያዣ ጨርቅ፣ ሁሉም ከሳጥኑ አየር ያወጣሉ። አንዱን ክፍል ዘግተው ሌሎቹን በ250 ፓስካል ያቁሙና የተዘጋውን ክፍል ግፊት ያንብቡ። ወደ ዜሮ ካልተጠጋ የሚያፈስ ግድግዳ አለ።

በቀዝቃዛ መለካት

ትክክለኛው ጊዜ የክረምት ጥገና ሲያልቅ፣ ከማሞቅ በፊት ነው። ሰው ወደ ምድጃ ውስጥ የሚገባበት ሥራ ስለሆነ የተዘጋ ቦታ የሥራ ፈቃድ ይውጣ፤ የባጋስ መጋቢዎችና ግሬቱን የሚገለብጠው ክፍል በቁልፍ ይታሰሩ፤ በር ላይ አንድ ሰው ይቁም። ፋኖቹ ሲነሱ ማንም ውስጥ አይሁን። ግፊቱ ከረጋና የላላ ነገር አለመኖሩ ከታየ በኋላ ብቻ ይገባል፤ መነጽርና የአቧራ ጭምብል ግዴታ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ያጽዱ። 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይለፍ፤ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካለ ግን ያ ባር አርጅቷል። ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ 1.78 እጥፍ አየር ያሳልፋል። አዲስና አሮጌ ባር ማደባለቅ የግድ ከሆነ አሮጌዎቹን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ያንን ክፍል በዳምፐሩ መቆጠብ ይሻላል፤ የተበተኑ አሮጌ ባሮችን የሚያርም ዳምፐር የለም።

ለየክፍሉ አራት የግፊት መለኪያ ቀዳዳ ያብጁ፤ ሁለት መግቢያው አጠገብ፣ ሁለት ሩቁ ጫፍ። ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ በውስጥ በኩል ጠርዙ ለስላሳ ይሁን። በሰሌዳ ላይ የታሰረ፣ ቀለም ጠብ የተደረገበት ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ቱቦ ማኖሜትር ይበቃል፤ 10 ፓስካል ማለት 1 ሚሊ ሜትር ማለት እንደሆነ ይያዝ።

የአየሩን መጠን ለመለካት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው፣ ወደላይ እየጠበበ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቆርቆሮ ጉልላት ያሠሩ፤ ከታች ጠርዙ ላይ ስፖንጅ ይለጠፍ። ግሬቱን በኖራ በ48 አራት ማዕዘን ይከፋፍሉ። ፋኑን በግሬቱ ላይ 250 ፓስካል ልዩነት እስኪነበብ አስተካክለው ይተዉት። ጉልላቱን በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ላይ አስቀምጠው በላይኛው አፍ በተሽከርካሪ አኒሞሜትር (የአየር ፍጥነት መለኪያ) 30 ሴኮንድ ያንብቡ። በወንጂ ከፍታና በ25 ዲግሪ የሚጠበቀው በሴኮንድ 4.4 ሜትር አካባቢ ነው። ሁሉም ነጥብ እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አያሳስብም፤ የምንፈልገው የእርስ በርስ ልዩነታቸውን ነው። ከአማካዩ በ10 በመቶ ውስጥ ያለ ነጥብ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ከ4.0 እስከ 4.8 ማለት ነው። ከ20 በመቶ በላይ የራቀ ነጥብ እያለ እሳት አይለኮስ።

ውጤቱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ቅርጹ ይናገራል። ዝቅተኞቹ ነጥቦች ተበታትነው ከሆነ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ከመግቢያ ወደ ሩቅ ጫፍ በተርታ እየጨመረ ከሄደ የመግቢያ ፍጥነት ነው፤ ባለቀዳዳው ሳህን ያስፈልጋል። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ረድፍ ብቻ ከፍ ካለ የጎን ክፍተቱ ነው። አንድ ሙሉ ክፍል ዝቅ ወይም ከፍ ካለ፣ ያኔ ብቻ ነው የየክፍሉ ዳምፐር የሚነካው። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፦ ቀዳዳ፣ ክፍተት፣ ሳህን፣ በመጨረሻ ዳምፐር። በተራበ ቦታ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳት ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የግሬቱን ተቃውሞ ይቀንሳል፣ እኩልነቱንም ከዚያ ቀዳዳ ውጭ ባለው ሁሉ ላይ ያበላሻል።

ዳምፐሮቹ ሲስተካከሉ ቦታቸው በብረት ምልክት ይቸንከር። ይህ ምልክት ጥቃቅን ይመስላል፣ ግን አመድ ሲገለበጥ የዚያ ክፍል አየር አስቀድሞ ይዘጋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ኦፕሬተሩ በግምት ከመለሰው በአንድ ፈረቃ ውስጥ የሳምንት ሥራ ይጠፋል።

እሳት ከተለኮሰ በኋላ

የግሬቱ የግፊት ልዩነት ከአየሩ መጠን ጋር በካሬ ይቀንሳል። ግማሽ ጭነት ላይ 500 ፓስካሉ 125 ይሆናል። ባዶ ግሬት ላይ ይህ እኩልነቱን አይነካም፤ የሳጥኑ የፍጥነት ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳልና። የተከመረ እርጥብ ባጋስ ተቃውሞ ግን በዚያ ልክ አይወርድም። 125 ፓስካል ብቻ ሲቀር ክምሩ ከግሬቱ ጋር የሚተካከል ተቃውሞ ሊሆን ይችላል፣ አየሩም ክምሩን እየሸሸ ይወጣል። ስለዚህ የግሬቱ ልዩነት ከ200 ፓስካል በታች እንዳይወርድ እንመክራለን፤ ይህም ከሙሉ የሥር አየር 63 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ ከተሠራ እሳቱም ይታመማል፣ ባሮቹም ማቀዝቀዣ ያጣሉ።

የሥር አየር ሙቀት ለእርጥብ ባጋስ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ጠቃሚ ነው፤ ላይኛውን ወሰን የሚወስነው የባሩ ብረት ስለሆነ ከአምራቹ ገደብ አይለፍ።

ከመመልከቻው መስኮት ሲታይ፣ አየር ያጣ ቦታ ጥቁር ብርቱካናማ ሆኖ ረጅም፣ ሰነፍ ነበልባል ያወጣል። የተራቆተ ቦታ አጭርና ነጭ ነው፣ ጥቃቅን ፍም እንደ ፏፏቴ ወደላይ ይረጫል። ይህን ሲያዩ ወደ አየሩ ከመሄድዎ በፊት የባጋሱን አበታተን ይፈትሹ። አንዱ መጋቢ ከታነቀ ወይም የመበተኛው አየር ከደከመ ባጋሱ ከመጋቢው ሥር ይከመራል፤ የግሬቱ አየር እኩል ቢሆንም ምስሉ ያው ይመስላል። መለያው ግፊቱ ነው። የአየሩ መጠን ሳይለወጥ የአንድ ክፍል ግፊት ከፍ ካለ ክምር ወይም ክሊንከር (ቀልጦ የጠጠረ አመድ) አለ፤ ዝቅ ካለ ወለሉ ተራቁቷል ወይም ባር ወድቋል።

የኦክስጅን ንባብም በአንድ ነጥብ አይታመን። 30 በመቶ ትርፍ አየር በደረቅ ጋዝ 4.8 በመቶ ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። ግራው 2፣ ቀኙ 8 ቢሆን አማካዩ 5 ነውና በሰሌዳው ላይ ሁሉ ደህና ይመስላል፤ ግራው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ቀኙ ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫ ይልካል። በጋዝ መውጫው ስፋት ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለኩ። በግራና በቀኝ መካከል ከ1.5 በላይ ልዩነት ካለ ወደ ግሬቱ ይመለሱ።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ከማሳ የሚገባው አገዳ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ያ አፈር በባጋሱ ውስጥ አልፎ ግሬቱ ላይ ይቀልጣል፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ መሰል ቅርፊት ይደፍናል። በእነዚያ ቀናት አመድ የሚገለበጥበትን ጊዜ ማሳጠር ያስፈልጋል። በቀዳዳው አልፎ ወደ ሳጥኑ የሚወርደውም ደቃቅ በየፈረቃው ይውጣ፤ ከተከማቸ መግቢያውን ያጠባል፣ ፍም ከያዘ ደግሞ ባሮቹን ከሥር ያቃጥላል። የሳጥኑን በር ከመክፈትዎ በፊት የዚያ ክፍል አየር ይዘጋ፣ የፊት መከለያ ይደረግ፣ የምድጃው ውስጥ ግፊት ከ20 እስከ 50 ፓስካል ከዜሮ በታች መሆኑ ይረጋገጥ። ግፊቱ ወደ ላይ ካለፈ ነበልባሉ በበሩ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ባጋስ በመላው ወለል ላይ ለሚበተንበት ግሬት ነው። ነዳጁ ከአንድ ጫፍ ገብቶ እየተጓዘ ለሚቃጠልበት ግሬት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባው የሬፒ ቆሻሻ ማቃጠያ ዓይነት ላይ፣ ሕጉ ይለያል። እዚያ በርዝመቱ አየር እኩል መሆን የለበትም፤ ለማድረቂያው ጥቂት፣ ለማቃጠያው ብዙ፣ ለመጨረሻው ማጥፊያ እንደገና ጥቂት ይሰጣል። በየክፍሉ ስፋት ከግራ እስከ ቀኝ ግን እኩልነቱ እንዲያውም ይበልጥ ጥብቅ መሆን አለበት፤ የተራበ መስመር ሳይነድ እስከ አመድ መውረጃው ድረስ ይጓዛልና።

በምርት ወቅት በየፈረቃው ሊመዘገቡ የሚገባቸው አምስት ቁጥሮች ናቸው፦ የአራቱ ክፍሎች ግፊትና የዋናው አየር መጠን። በአንድ ዓይነት ጭነት ላይ የአንድ ክፍል ግፊት ከወቅቱ መጀመሪያ ንባብ በ15 በመቶ ከተለወጠና ግሬቱ ከተገለበጠ በኋላም ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለውን የፋብሪካ ማቆሚያ ቀን ይጠቀሙና ያንን ክፍል በጉልላቱ እንደገና ይለኩት፤ 12 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ከፈቃድ አወጣጡ ጋር በግማሽ ቀን ያልቃል።